«ዛው»ን በትክክል ማንበብ፦ የቀድሞው እንግሊዝኛ ሁለተኛ መደብ ለአማርኛ ተናጋሪ

ከባሕር ዳር እንግዳ ይዞ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር አስጎብኚ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ተማሪ፣ እንዲሁም ከጣና ገዳማት በአንዱ አብነት ተምሮ እንግሊዝኛውን በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የሚያጠነክር ዲያቆን፣ ሥራቸው የተለያየ ቢሆንም፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያላስተማራቸውን አንድ ቃል ሦስቱም ያገኙታል። ቃሉ «ዛው» ነው። ይህ ጽሑፍ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከእርሱ ጋር የሚሄዱት የግስ ቅርጾች እንዴት እንደሚታወቁ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስም የት ላይ ስሕተት እንደሚፈጠር ያስረዳል። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1611 ከታተመው የንጉሥ ጄምስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው፤ አንባቢው ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ስለሚችል ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም።

አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር መባል አለበት። በእንግሊዝኛ በ«ቲ» እና በ«ኤች» ጥምረት የሚጻፈው ድምፅ በፊደላችን ስለሌለ፣ እዚህ በቃል መነሻ ላይ ሲመጣ በ«ዘ» ቤት፣ በቃል መጨረሻ ላይ ሲመጣ ደግሞ በ«ስ» ተጽፏል። ስለዚህ «ሃስ» ሲባል በ«ቲ» እና በ«ኤች» የሚያልቀው የቀድሞው ቅርጽ ነው፤ የዛሬው፣ በ«ኤስ» የሚያልቀው፣ «ሃዝ» ተብሎ ተለይቷል።

«ዛው» ማለት «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ነው። ባለቤት ሲሆን «ዛው»፣ ተሳቢ ሲሆን ወይም ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ «ዚ»፣ አገናዛቢ ሲሆን «ዛይ» ይሆናል፤ «ዛይን» የሚለው ደግሞ በአናባቢ ከሚጀምር ቃል በፊት፣ ብዙ ጊዜም በ«ኤች» ከሚጀምር ቃል በፊት «ዛይ»ን ይተካል፤ ብቻውን ሲቆምም «የአንተ» የሚለውን ትርጉም ይሰጣል። በምሳሌ 3፥5 «በፍጹም ልብህ» የሚለው «ዛይን ሃርት»፣ «በራስህ ማስተዋል» የሚለው ደግሞ «ዛይን ኦውን» በማለት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ሰዎች የሚነገረው «ዪ» ሲሆን ትርጉሙ «እናንተ» ነው፤ ተሳቢው «ዩ»፣ አገናዛቢው «ዩር» ነው። ዛሬ ለአንዱም ለብዙውም፣ ለታላቁም ለታናሹም የምንጠቀምበት «ዩ» በዚያ ሥርዐት ውስጥ የብዙ ቁጥር ተሳቢ ብቻ ነበረ። በንጉሥ ጄምስ ትርጉም ውስጥ «ዩ»ን ያየ አንባቢ፣ ንግግሩ ለአንድ ሰው የተነገረ ቢመስለው እንኳ፣ «እናንተ» የሚል ትርጉም መያዝ አለበት።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ግን በሌላ ቦታ ነው። ቃሉ ያረጀና በጸሎት ውስጥ የሚሰማ በመሆኑ «ዛው» የአክብሮት ቃል ይመስላል፤ በዚህም ምክንያት «እርስዎ» ወይም በጎጃም ሽማግሌዎች አነጋገር «አንቱ» ብሎ የሚተረጕመው ጥቂት አይደለም። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። በንጉሥ ጄምስ ትርጉም ውስጥ «ዛው» የሚለካው በቁጥር እንጂ በማዕርግ አይደለም፤ አንድ ከሆነ «ዛው» ነው፣ ከአንድ በላይ ከሆነ «ዪ» ነው። ፈጣሪም፣ ንጉሥም፣ ባሪያም፣ ሰይጣንም «ዛው» ይባላሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ እኛም «በሰማያት የምትኖር» ብለን እንጸልያለን እንጂ «የሚኖሩ» አንልም፣ የሰፈር ሽማግሌን «እርስዎ» የሚል አንደበት እግዚአብሔርን «አንተ» ይላል። ይህንን የሚያስተውል ሰው የ«ዛው»ን ግማሽ ትምህርት ሳይማር ያውቀዋል።

ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው ዮሐንስ ምዕራፍ 4ን ይክፈት። ሳምራዊቷ ሴት በጕድጓዱ አጠገብ የተቀመጠውን እንግዳ በአክብሮት «ሰር» ብላ ትጠራዋለች፤ ወዲያው ግን መቅጃ እንደሌለው ስትነግረው «ዛው ሃስት» ትላለች። አማርኛውም «ጌታ ሆይ» ብሎ ከጀመረ በኋላ «መቅጃ የለህም» ይላል፤ አክብሮቱ በመጥሪያው ላይ፣ ቁጥሩ በተውላጠ ስሙ ላይ ተቀምጧል። በዚሁ ምዕራፍ ቁጥር 22 ላይ ደግሞ ኢየሱስ ለዚህችው ለአንዲት ሴት ሲናገር በድንገት ወደ «ዪ» ይሻገራል፤ «እናንተ ለማታውቁት ትሰግዳላችሁ» ሲል ሳምራውያንን በሙሉ ማለቱ ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ሁለቱም «ዩ» ስለሚሆኑ ይህ መሻገር አይታይም፤ አማርኛና የ1611ዱ እንግሊዝኛ ግን እኩል ያሳዩታል።

ከዚህም የበለጠ የሚገልጸው ሉቃስ 22፥31-32 ነው። ጌታ ስምዖንን በስሙ ሁለት ጊዜ ጠርቶ፣ ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥር የለመነው «ዩ»ን ነው ይለዋል፤ የጸለየው ግን ስለ «ዚ» ነው። አማርኛችን «ሊያበጥራችሁ» ካለ በኋላ «እምነትህ እንዳይጠፋ» ይላል። ፈተናው በሐዋርያት ሁሉ ላይ መጥቷል፣ ጸሎቱ ግን ለጴጥሮስ ለብቻው ተደርጓል። አንዳንድ አዳዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ይህንን ልዩነት ለማዳን «ሁላችሁን» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ከ«ዩ» ጋር ለመጨመር ተገድደዋል። ዮሐንስ 3፥7ም እንደዚሁ ነው፤ «ስላልሁህ» የተባለው ኒቆዲሞስ አንድ ሰው ነው፣ «ልትወለዱ» የተባለው ግን ለሁሉም ነው፣ እንግሊዝኛውም «ዚ» ብሎ ጀምሮ ወደ «ዪ» ይሄዳል።

የ«ዛው» አንድ ጉድለት ጾታን አለመለየቱ ነው። ግዕዝ የቈጠረ ሰው አንተ፣ አንቲ፣ አንትሙ፣ አንትን እያለ አራቱን ለይቶ ያውቃል፤ አማርኛም በነጠላው ይለያል፤ እንግሊዝኛ ግን በቀድሞ ዘመንም ቢሆን በሁለተኛ መደብ ወንድና ሴትን አልለየም። ስለዚህ ተርጓሚው የሚናገረውንና የሚነገርለትን ሰው ከታሪኩ ማወቅ ይኖርበታል። በሐይቁ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከሚታዩት ርእሶች አንዱ የሆነው ብሥራተ ገብርኤል ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በሉቃስ 1፥28 መልአኩ «ዛው» እና «ዚ» እያለ የሚናገረው ለእመቤታችን ስለሆነ፣ አስጎብኚው እንግዳው የጠቀሰውን ወደ አማርኛ ሲመልስ «ከአንቺ ጋር» ማለት ይገባዋል።

አሁን ወደ ግሱ እንለፍ፤ የእንግሊዝኛ ግስ ለዛሬ ተማሪ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነውና። «ዛው» ባለቤት ሲሆን ግሱ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ «ኤስት» ይጨምራል፤ ማንበብ «ሪድ» ከሆነ «ታነባለህ» የሚለው «ዛው ሪደስት» ይሆናል። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ እንደሚያስገባ ያስተዋለ ሰው ይህንን ቅጥያ «ታነባለህ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ እንዳለው «ህ» ቢቈጥረው አይሳሳትም። ዘወትር የሚያጋጥሙት ግሶች ግን ቅጥያውን አሳጥረው ይይዙታል፤ «ነህ» ለማለት «አርት»፣ «አለህ» ለማለት «ሃስት»፣ ለ«ዱ» «ዳስት»፣ ለ«ሻል» «ሻልት»፣ ለ«ዊል» «ዊልት»፣ ለ«ካን» «ካንስት» ይባላል። ባለፈ ጊዜ «ነበርህ» የሚለው «ዎስት»፣ «ነበረህ» የሚለው «ሃድስት»፣ የ«ዱ» ኃላፊ ደግሞ «ዲድስት» ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛት በእንግሊዝኛ በአብዛኛው «ዛው ሻልት ኖት» ብለው ሲጀምሩ አማርኛው «አትግደል»፣ «አትስረቅ» ይላል፤ ሁለቱም ትእዛዙን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይሰጣሉ።

ለሦስተኛ መደብ ነጠላ፣ ማለትም ለ«እርሱ» እና ለ«እርስዋ»፣ ቅጥያው በ«ቲ» እና በ«ኤች» ያልቃል። «ስፒከስ» ማለት «ይናገራል»፣ «ሊደስ» ማለት «ይመራል»፣ «ሃስ» ማለት «አለው»፣ «ዳስ» ማለት ደግሞ የዛሬው «ዳዝ» ነው። ይህ ቅጥያ ለ«እኔ»፣ ለ«እኛ» ወይም ለ«አንተ» አያገለግልም። ቀልድ ለመጻፍ ብለው በማንኛውም ግስ ላይ የሚደርቡት ሰዎች፣ እንግሊዛውያንም ጭምር፣ የሚጽፉት የማንም ዘመን ቋንቋ ያልሆነ ነገር ነው።

አንድ ግስ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። «ዊልት» ሁልጊዜ የወደፊት ጊዜን አያመለክትም፤ ብዙ ጊዜ «ትወዳለህ፣ ትፈቅዳለህ» ማለት ነው። በማቴዎስ 8፥2 ለምጻሙ «ኢፍ ዛው ዊልት» ሲል «ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ» ማለቱ ነው፤ የሚመለስለትም «አይ ዊል» የሚለው ቃል «እወዳለሁ» ማለት እንጂ «ወደፊት አደርገዋለሁ» ማለት አይደለም። አማርኛውን በእጁ የያዘ አንባቢ እዚህ ላይ ከእንግሊዛዊው ወጣት ይልቅ የተጠበቀ ነው።

ጥያቄ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የዛሬው እንግሊዝኛ በአብዛኛው «ዱ» የሚለውን አጋዥ ግስ ካላስቀደመ አይጠይቅም፤ የቀድሞው ግን ብዙ ጊዜ ግሱን ራሱን ከባለቤቱ በፊት ያስቀምጠዋል። በዮሐንስ 21 ጴጥሮስ «ላቨስት ዛው ሚ» ተብሎ ይጠየቃል፤ ይህ «ትወደኛለህን» ነው። አማርኛው «ን»ን በግሱ ጫፍ ላይ ለጥፎ የሚያደርገውን እንግሊዝኛው ግሱን ወደ ፊት በማምጣት ያደርገዋል። አሉታም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ያለ አጋዥ ግስ፣ «ኖት»ን ከግሱ በኋላ በማስከተል ይነገራል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ ለእኛ ግን ቀላል መሆን የሚገባው፣ ቅጥያው ሊኖርበት ሲገባ የጠፋ የሚመስልበት ቦታ ነው። በአባታችን ሆይ ጸሎት ውስጥ «ዛይ ኪንግደም ከም» ይላል። «መንግሥት» ሦስተኛ መደብ ነጠላ ነውና ሥርዐቱን የተማረ ሰው «ከመስ» ይጠብቃል፤ «ከም» ብቻ ሲያገኝ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ምኞት እንጂ ወሬ አይደለም። «ትመጣለች» እና «ትምጣ» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ አንቀጾች እንደሆኑ ሁሉ፣ «ከመስ» እና «ከም»ም እንዲሁ ይለያያሉ፤ «ስምህ ይቀደስ» እና «ፈቃድህ ይሁን» የሚሉትም በእንግሊዝኛ «ኢዝ» ሳይሆን «ቢ» የያዙት በዚሁ ምክንያት ነው። «እንዳይሆን» የሚል ስጋት ወይም «ቢሆን» የሚል ጥርጥር ሲኖርም ብዙ ጊዜ ቅጥያው ይቀራል። በማቴዎስ 4፥3 ፈታኙ «ኢፍ ዛው ቢ» ይላል እንጂ «ኢፍ ዛው አርት» አይልም፤ በመዝሙር 91፥12ም «እግርህ እንዳይሰናከል» የሚለው ሐሳብ የተገለጸበት ግስ ከ«ዛው» በኋላ ያለ ቅጥያ ቆሟል። እግረ መንገድ፣ ይህ መዝሙር በዳዊታችን አቈጣጠር 90 ነው፤ ከጎብኚ ጋር የመዝሙር ቁጥር የሚነጋገር አስጎብኚ፣ ከ10 እስከ 147 ባሉት መዝሙራት በአብዛኛው የእንግሊዝኛው ቁጥር በአንድ እንደሚበልጥ ካላስታወሰ ሁለቱም የተለያየ ገጽ ገልጠው ይከራከራሉ።

«ዛው» ለምን እንደ ጠፋ ማወቅ አጠቃቀሙን ለመረዳት ይጠቅማል። በመካከለኛው ዘመን፣ በፈረንሳይኛ ልማድ ተጽዕኖ፣ እንግሊዛውያን አንድን የተከበረ ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ጀመሩ፤ «ዪ» እና «ዩ» የአክብሮት መጠሪያ ሆኑ፣ «ዛው» ለልጅ፣ ለአገልጋይ፣ ለቅርብ ወዳጅና በቍጣ ለሚሰደብ ሰው ቀረ። እዚህ ከገበያ ላይ የማያውቀውን ሽማግሌ «አንተ» ብሎ የሚጠራ ጎረምሳ ምን ዐይነት ፊት እንደሚያገኝ የሚያውቅ ሰው ስሜቱን አይስተውም። እ.ኤ.አ. በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ተከስሶ በዊንቸስተር ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኩክ ሆን ብሎ «ዛው» እያለ አዋርዶታል። በዚያው ክፍለ ዘመን የጆርጅ ፎክስ ተከታዮች የሆኑት ኩዌከሮች ደግሞ በሰው መካከል ማዕርግ መለየት አይገባም በማለት ዳኛውንም መኰንኑንም «ዛው» እና «ዚ» ብለው ይጠሩ ነበር፤ ለዚህም ድብደባና እስራት ደርሶባቸዋል። ሌላው ሕዝብ ግን ማንንም ላለማስቀየም ሲል ለሁሉም «ዩ» ማለትን መረጠ፤ አክብሮቱ ለሁሉም ስለታደለ አክብሮት መሆኑ ቀረ፣ ነጠላውም ጠፋ።

እንግዲህ የ1611ዱ ተርጓሚዎች የጻፉት የዘመናቸውን የአደባባይ አነጋገር አልነበረም። ከእነርሱ በፊት ዊሊያም ቲንደል እ.ኤ.አ. በ1526 ባሳተመው ሐዲስ ኪዳን የተከተለውን ልማድ ጠብቀው፣ ዕብራይስጡና ጽርኡ ነጠላና ብዙን እንደሚለዩ እንግሊዝኛውም እንዲለይ አደረጉ። አሁን ቃሉ ያለው የክብር ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከአደባባይ ጠፍቶ በጸሎት ብቻ ስለቀረ ለፈጣሪ ብቻ የተለየ ቃል መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የተሻሻለው መደበኛ ትርጉም «ዛው»ን ለእግዚአብሔር በሚቀርብ ጸሎት ብቻ አስቀርቶ ለሰው «ዩ» ማለቱ ይህንን ስሜት አጠናክሮታል። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ ከመተርጐም በፊት የተጻፈበትን ዘመን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በ1611ዱ ትርጉም ውስጥ ጥያቄው «ስንት ሰው ነው» የሚል ነው፣ በዚያው ዘመን በተጻፈ ተውኔት ውስጥ ግን «ማን ለማን ነው የሚናገረው፣ ተቈጥቷል ወይስ ወድዷል» የሚል ይሆናል። በተውኔት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ በንግግሩ መካከል ከ«ዩ» ወደ «ዛው» ከተሻገረ፣ ተርጓሚው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ቢሻገር ምሥጢሩን ያገኘዋል።

ስለ «ዪ» አንድ ነገር ልጨምር፤ በቱሪስት ዕቃዎችና በምግብ ቤት ሰሌዳዎች ላይ ስለሚታይ ነው። በእንግሊዝ አገር «ዪ ኦልድ» ብሎ የሚጀምር የመጠጥ ቤት ስም ውስጥ ያለው ቃል «እናንተ» ማለት አይደለም። የቀድሞው እንግሊዝኛ የ«ቲ» እና የ«ኤች»ን ድምፅ የሚጽፍበት «ሶርን» የሚባል ፊደል ነበረው፤ በኋለኛው የእጅ ጽሑፍ ይህ ፊደል «ዋይ»ን እየመሰለ ሄደ፣ አታሚዎችም በቦታው «ዋይ»ን አስገቡ። ቃሉ «ዘ» የሚለው መስተአምር ብቻ ነው፣ መነበብም ያለበት እንደዚያው ነው።

እነዚህን ቅርጾች ራስ መጻፍን በተመለከተ ምክሬ ጥብቅ ነው፤ በጥቅስ ካልሆነ በቀር አይጻፉ። ለኤምባሲ፣ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ወይም ለጎብኚ ድርጅት በሚላክ ደብዳቤ ላይ «ዛው» ማለት አክብሮትን አይገልጽም፤ ተቀባዩ ቀልድ ወይም ስብከት ይመስለዋል። በሠርግ ጥሪ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ጥቅስ ማስፈር ከተፈለገ ግን ከታተመው መጽሐፍ ፊደል በፊደል መገልበጥ ይገባል፤ በራስ ግምት የተጻፈው ብዙውን ጊዜ «ዛው»ን ከ«ሃስ» ጋር ወይም «እርሱ»ን ከ«ሃስት» ጋር ያጋባልና።

ለመለማመድ የምመርጠው የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40ን ነው፤ ባለታሪኩ ከእኛ ወገን መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ከ«ዪ» በቀር እስካሁን የተነገሩት ቅርጾች በብዛት እዚያ ስላሉ ነው። በመጻሕፍት ቤት ንባብ እንደሚቀድምና ትርጓሜ እንደሚከተል ሁሉ፣ መጀመሪያ ክፍሉን ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይሻላል፤ «ኤስት» የሚለው ቅጥያ ሙሉ ሆኖ ሲጻፍ ለብቻው እንደሚሰማ ጆሮ ሲለምደው ዐይንም አይደናገርም። ከዚያ ግሱን በየቁጥሩ መለየት ነው። ቁጥር 26 ላይ ወደ ጋዛ «የሚወርደው» መንገድ ግስ የሦስተኛ መደብ ቅጥያ አለው። ቁጥር 30 ላይ ፊልጶስ «አንደርስታንደስት ዛው» ብሎ ይጠይቃል፤ ግሱ ቀድሟል፣ ስለዚህ «ታስተውለዋለህን» ነው፤ የሚጠየቀውም የንግሥት ሕንደኬ ሹም፣ በሰረገላ የተቀመጠ ባለ ሥልጣን መሆኑን ልብ ይሏል። ቁጥር 34 ላይ ጃንደረባው «አይ ፕሬይ ዚ» ይላል፤ ቃል በቃል የጸሎት ግስ ቢሆንም ትርጉሙ «እባክህ» ብቻ ነው፣ «ስፒከስ»ም የሚገባው ለነቢዩ ነው። ቁጥር 36 ላይ ስለ ጥምቀት ሲጠይቅ «ዳስ» ይላል፤ ባለቤቱ «ምን» የሚለው ጥያቄ ስለሆነ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ነው። ቁጥር 37 ላይ «ዛይን ሃርት» እና «ሜየስት» ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ለምን «ዛይ» እንዳልሆነ ከላይ ተነግሯል፣ ሁለተኛው ደግሞ «ሜይ» የሚለው አጋዥ ግስ ከ«ዛው» ጋር ሲሆን የሚይዘው ቅርጽ ነው። ከዚህ በኋላ ለ«ዪ» ዮሐንስ 3ን እና 4ን ማስከተል ይበቃል።